ጫፉ የተሞረደው ሽጉጥ

አባቴ ሲሞት ለእኔ የተወልኝ ሽጉጥ ነው። አያቴ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ከአንድ የጣልያን መኮንን ላይ ማረከው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም። ጎረቤቴ፣ በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ ካራ ሰፈር እንዳሉ ነገረችኝ። ከፖሊስ ጣቢያ የፈቃድ ወረቀት አውጥቼ ወሰድኩላቸው።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ዘረጉ። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለው አረጋገጡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ፈቱት።

"እውነተኛ የጣልያን ሥራ ነው ልጄ። የመኮንን ይሁን የተራ ወታደር ግን እንጃ። አፈሙዙና አካሉ ላይ ያለው ቁጥርም አይገናኝም፤ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ነው።"

"ዋጋ የለውም ማለት ነው?"

"ትንሽ ይኖረው ነበር።" አንዲት ቀጭን ብረት አንስተው አሳዩኝ። "ጥይቱን የምትመታው መርፌ ይቺ ናት። ጫፏ የለም። አልተሰበረችም፣ ሆን ተብሎ ተሞርዳለች። ይሄ ሽጉጥ አይተኩስም።"

ከካራ በቀጥታ የካ፣ እናቴ ቤት ሄድኩ። ስለ መርፌዋ ነገርኳት።

"አባትሽ ነው" አለችኝ። "አራት ዓመትሽ ነበር። ቁም ሳጥን ከፍተሽ፣ ወንድምሽ ግንባር ላይ ደግነሽበት ደረሰብሽ።"

"ጥይት ነበረው?"

"የለውም ብሎ ምሎልኛል። በማግስቱ ግን ሞረድ ተውሶ መጣ። የአባቱ ብቸኛ ማስታወሻ ነበር እኮ!"

"ለምን አልነገረኝም?"

"ምን ብሎ ይንገርሽ? እየደነገጥሽ እንድታድጊ አልፈለገም።"

እኔ ምንም አላስታውስም። የማስታውሰው በዓል በመጣ ቁጥር ሽጉጡን አውርዶ በጨርቅ ሲወለውል፣ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ አንድም ቀን "ዞር በይ" ብሎኝ እንደማያውቅ ነው። የእናቴ ሶፋ ላይ ብዙ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ የሐዘን ብቻ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌውን ላመሰግን ማር ይዤ ተመለስኩ። ታሪኩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዲስ መርፌ ልሠራለት አስቤ ነበር።"

"አይ ጋሼ፣ እንዳለ ይሁንልኝ።"

ሽጉጡ እንደማይተኩስ ለፖሊስ የሚሆን ማስረጃ በእጃቸው ጻፉልኝ፤ እስከ ታክሲው ድረስም ሸኙኝ። ወረፋ ላይ ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱም አያስታውስም። እናታችን ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት።

"አባዬ..." አለ።