ለእናቴ ያልተረጎምኩላት

የእናቴ የወገብ ሕመም የጀመረው የበቆሎ ጆንያ ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ስትወጣ ነው። ጆንያውን አውርዳ ቀና ልትል ስትሞክር እንደጎበጠች ቀረች። ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ከወገቧ ተነስቶ በቀኝ እግሯ ቁልቁል እስከ አውራ ጣቷ ወረደ። እኔ ያኔ እዚያው ነቀምቴ አስተማሪ ነበርኩ። ሦስት ደርዘን ልጅ በአንድ ጩኸት ጸጥ የማሰኝ ሰው፣ እናቴ ስታቃስት ግን የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኝ ነበር።

ያልሞከርነው የለም። ጎረቤታችን የነበሩት ጉራጌ ባለሱቅ ጨው አግለው፣ በጨርቅ ቋጥረው ወገቧ ላይ ያዙላት። አኖ ከተማ ድረስ ወስደናት አንድ ወጌሻ በቅቤ አሽቶ፣ በጉልበቱ ተደግፎ ጎተታት። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ መቀመጥም አቃታት።

የከተማችን ሐኪም ራጅ አስነስቶ «አጥንታቸው ደህና ነው» አለ። ምነው ባላለ! ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። አጥንቷ ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ያስተኛታል? እውነቱን ለመናገር እኔም ከሐሜተኞቹ አልተሻልኩም፤ አንድ ቀን ውሃ አቀብይኝ ስትለኝ «ተነስተሽ አትጠጪም?» ብያታለሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እግሯ መስነፍ ሲጀምር ግን ሐኪሙ ራሱ ደንግጦ ወደ አዲስ አበባ ላካት። ለመንገዱ ደግሞ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀ መንበሩ እናቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ጓድ መምህርት፣ ቁስሉ የታለ?» አለኝ። ከልማት ዘመቻ ሊቀር የፈለገ ሁሉ ወገቤን እያለ ስላስቸገረው፣ ወገብ የሚባል ነገር ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ሦስት ቀን አመላልሶን ፈረመ። አውቶቡሱ ውስጥ መተላለፊያው ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እጄን ትጨብጠዋለች። ጀርባዋን ለማሳከም ጀርባዋን በዚያ መንገድ ማስፈጨት ነበረብን።

አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ትሑት ሰው። እናቴ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፤ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ሁለት የክብሪት ቀፎ ደራርቦ በመካከላቸው እርጥብ ጥጥ አስገባና ተጫነው። ጥጡ በጎን ሾልኮ ወጣ። «ቀፎዎቹ አጥንቶቻቸው ናቸው፤ ደህና ናቸው። የሾለከው በመካከላቸው ያለው ነው፤ እሱ ነው የእግራቸውን ነርቭ የተጫነው» አለ። ተረጎምኩላት። እናቴ ፊቷ በራ፤ ከስንት ወር በኋላ አላበድኩም ለካ አለች።

«ተኝቶ ማረፉን ሞክረዋል፤ አልሆነም። እንዲህ ከቀጠለ ቀኝ እግራቸው እየሰነፈ ይሄዳል። በቀዶ ጥገና ከጀርባ ከፍተን የሾለከውን እናወጣለን» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ አንዴ የራሱን ቀኝ ጭን፣ አንዴ ግራውን መታ መታ እያደረገ ቀጠለ። «ስንከፍት ነርቭ ከተጎዳ ሁለቱም እግሮች ላይታዘዙ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ግን ሳልነግራችሁ ቀዶ ጥገናውን አልጀምርም» አለ።

እናቴ ታየኛለች። በዚያ ሁሉ መንገድ አምጥቻት ልትፈራብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ትድኛለሽ ነው የሚለው፤ በቃ» አልኳት።

የሐኪሙን እስክሪብቶ አየች። ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብላ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ፣ «እሱ ብዙ ተናገረ፤ አንቺ አሳጠርሽው። ሁለቱን እግሮቹን ሲመታ አይቻለሁ። አንቺ ስለ እግር አንድም ነገር አላልሽም።»

ያኔ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥምም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ደግሞ ልታባብዪኝ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም ትያለሽ።»

«አዮ፣ እናቴ፣ እውነቴን ነው! እሱ ራሱ ነው ያለው!»

«እዚህ አገር ጆሮዬም አፌም አንቺ ነሽ። መድኃኒት ሰጥተው ሲያስተኙኝ ዓይኔም አንቺ ልትሆኚ ነው። አይሆንም። ቤቴ መልሺኝ።»

ኮሪደር ሮጬ ወጥቼ ኦሮምኛ የሚያውቅ የጽዳት ሠራተኛ ለምኜ አመጣሁ። ሐኪሙ እንደገና ተናገረ፣ ሰውዬው አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎመ። እናቴ በትሕትና ሰምታ ሰውዬውን መረቀችው። ሲወጣ ጠብቃ «አስጠንተሽው ነው» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኩ፤ ተቆጣሁም። ሐኪሙ «እሺ ካላሉ እኛ ምን እናደርጋለን?» ብሎ አልጋው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አዘዘ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍራሽ ላይ አስተኝቼ መለስኳት።

ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ሕመሙ ከጊዜ ጋር ለዘብ ቢልም እግሯ ደነዘዘ፤ በዱላ እየጎተተችው ትሄድ ጀመር። በቀዶ ጥገናው ትድን ነበር ወይ? አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብቻ ከማንም ጋር አማርኛ ተናግሬ ስመለስ፣ የቀበሌ የስብሰባ ጥሪም ይሁን የስኳር ተራ፣ «ሁንዱማ ነቲ ሂምቴ?» ትለኛለች፤ ሁሉንም ነገርሽኝ ወይ ማለቷ ነው።

አንድ ክረምት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አጠገብ ጭቃ ውስጥ አብረን ስንሄድ የቀኝ እግሯ ጫማ ወልቆ ቀረ። እሷ አልታወቃትም። ጫማውን ይዤ ስደርስባት ጠርሙስ ተረከዟን ቆርጧታል፤ ደም አያለሁ። ተንበርክኬ ጠረግሁላት።

«በጣም ቆስሏል?» አለችኝ።

«ትንሽ ናት፣ አዮ» አልኳት። እውነትም ትንሽ ነበረች።

ጎንበስ ብላ ልታይ ሞከረች፤ ወገቧ አላስችል አላት። ዱላዋን ተደግፋ ቀና አለችና በዚያ የሚያልፍ አንድ የማናውቀው ሰው አስቁማ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ እይልኝ» አለችው።