በፖከር የራሰ ቡና

ዛሬ ቴፒ ላይ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ የእህቴ ልጅ አቤል ከተሰጣው ቡና አጠገብ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

እናቱ ገበያ ስትሄድ የሰጠችው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ካፊያ ከጀመረ ቡናውን ላስቲክ እንዲያለብስ።

ጌታው ግን ሰሞኑን የኦንላይን ፖከር ጀምሯል። የሚጫወተው በሳንቲም ነው፤ ወሬው ግን የባለሀብት። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ ነው" ይለኛል። በሒሳብ ሁለቴ የወደቀ ልጅ!

ከሱቄ እየሮጥኩ ደረስኩ። "አቤል! ዝናቡ አይታይህም?"

"አንዴ ጋሼ፣ ጥሩ ካርታ ይዣለሁ!"

ላስቲኩን ብቻዬን ስጎትት ግማሹ ቡና ራሰ። እሱ ጨዋታውን ጨርሶ እየፈነደቀ ተነሳ። አሸንፏል። ያሸነፈው አንድ ማኪያቶ አይገዛም።

እህቴ በስብሳ መጣች። የራሰውን ቡና በእጇ እያገላበጠች "የኮሌጅ መመዝገቢያህ እኮ ነበር" አለችው።

አፍሮ አንገቱን የሚደፋ መስሎኝ ነበር።

"አታስቢ እማ፣ ዛሬ እድሌ ቀንቷል፤ እመልሰዋለሁ" ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

እናንተስ ቤት እንዲህ ያለ ሊቅ አለ? ብቻዬን ከምቃጠል እስቲ የእናንተንም ጻፉልኝ።