የሚነሳ ሰው ያጣ ካሜራ

ዘይኑልአቢዲን ከኩታበር መጥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከተቀጠረ ወዲህ ስሙን የሚያነሳ ሰው ቢያጣ፣ እሱ ሰው ላንሳ ብሎ ካሜራ ገዛ። አነሳሱን ግን አያውቅም። እሁድ ቀን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ወጣና መጽሐፍ የሚሸጡትን እትዬ ሸሪፋን ፎቶ ማንሳት የሚያስተምር መጽሐፍ ጠየቀ። ሁለት አወረዱለት።

«ይሄ ዕቃ ማንሳት ያስተምራል፤ ያኛው ሰው። የሰው ማንሻው ግን ‹መጀመሪያ ቤትህ ያለውን አንሳ› ነው የሚል።»

«ቤቴ ሰው የለም።»

«እንግዲያ የዕቃውን ውሰዳ። ብርጭቆ እንደሁ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ድገመኝ አይልህ።»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከሰው መጽሐፍ አልተነሳም።

«እርስዎን ባነሳስ?»

«እኔን አንስተህ ለማን ልታሳይ ነው፣ ልጄ?»

የሚያሳየው ሰው እንደሌለም ያኔ ገባው። ቢሆንም የሰውን መጽሐፍ ገዛ፤ ቢያንስ በየገጹ ፊት ሞልቶበታል።