መስተዋቱ ኞኪ ያቦካበት እሑድ

በሥራ ቦታም በሰፈርም «መስተዋቱ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት ግድግዳ የሚለስኑ ሰዎች ናቸው፤ እሱ በለሰነው ግድግዳ ፊት ቆሞ ጢም መላጨት ይቻላል ለማለት። ትንሽ አጋነዋል እንጂ ብዙም አልዋሹም። ሰውዬው አሸዋውን ደጋግሞ ይነፋል፤ በሲሚንቶና በአሸዋ የተቦካውን ቡኬት ሌላው ሰልችቶት አካፋውን ከጣለ በኋላም ያገላብጣል። ከዚያ ፍራታሶ የሚባለውን የእንጨት ማለስለሻ ይዞ ግድግዳው ላይ ሲመላለስ ላየው ሰው፣ የሚያለቅስ ልጅ የሚያባብል ይመስላል። አንዲት ጓል ካመለጠችው ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም።

ቤቱ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ሙያ እደጅ ይቀራል። በትዳር ዘመኑ ምድጃ ላይ የጣደው ነገር ቢኖር ሻይ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ቀምሳ «ምን በድሎህ ነው እንዲህ ያንገላታኸው?» ብላ ትደፋው ነበር። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሚስቱ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ክዳን ሳትከፍት፣ ከወዲያኛው ክፍል ሆና፣ «የዚያኛው ድስት ነጭ ሽንኩርት ገና ነው» የምትል ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት ባለችበት ቤት ማን ደፍሮ ማማሰያ ያነሣል?

ብርዱ ሲገባ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ሐኪሙ የአፍንጫዋ ነርቭ እንደተጎዳ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሯት ሸኛት። መጀመሪያ ላይ ቀለደችበት። «እንኳን የአንተን ካልሲ ከማሽተት ተገላገልኩ» አለችው። አንድ ቀን ግን ወተት ጥዳ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ፣ እያንጎራጎረች ዕቃ ስታጥብ ወተቱ ገንፍሎ አለቀ፣ ድስቱ አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ያወቀችው ጎረቤት በሩን በርግዶ ሲገባ ነው። ተከትለው የገቡት ሰዎች መስኮት ለመክፈት ሲሯሯጡ እሷ እጇ ሳሙና እንደለበሰ ቆማ ቀረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኩሽና እግሯን አላስገባችም። ከሥራዋም ፈቃድ ወሰደች። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ የሚመጣውን ምግብ ሁለት ማንኪያ ያህል ቀምሳ ትገፋዋለች፤ ካርቶን የማኘክ ያህል ነው ትላለች። ሌላ ከተማ ያገባችው ልጃቸው ማታ ማታ እየደወለች «እማዬ፣ በላሽ?» ስትላት፣ «ጠግቤ ነው የተነሣሁት» ትላለች ዓይኗን በጨው አጥባ። መስተዋቱ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል፣ አያጋልጣትም። ቀሚሶቿ ሰፍተዋታል። ጎረቤቱ፣ የሥራ ጓደኛው፣ ዘመዱ ሁሉ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» ይላታል፤ እሷም ታመሰግናለች። እሱ ግን ፈርቷል። ሚስቱ ከፊቱ ተቀምጣ እያለች ጥቂት በጥቂት የምትሄድበት መስሎታል፤ ምን አድርጎ እንደሚመልሳት ደግሞ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት የአንዲት ዓሣ ሻጭ ሱቅ ሲለስን ዋለ። ሴትዮዋ ከሱቋ ጀርባ አሮጌ በርሜል አቁማ ዓሣ በጭስ ታጥናለች። ወደ አመሻሽ ላይ የበርሜሉን ክዳን ስታነሣ ሽታው መጥቶ መስተዋቱን ፊቱን መታው። ፍራታሶው በእጁ ላይ ቆመ። ይህን ያላሸተተ አፍንጫ ሌላ ምን ሊያሸት ነው አለ ለራሱ፣ ልቡም በአንድ ጊዜ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ነገር የተኛ አፍንጫ ይቀሰቅሳል?» አላት።

«አፍንጫውን እንጃ። ባሌ ግን ታጥቤ እንኳ ብተኛ ዞር በይልኝ ይለኛል።»

«እስቲ አንዱን ጠቅልይልኝ። በምን ይበላል?»

«በክሬም ሠርተህ፣ ከኞኪ ጋር ነዋ።»

«ኞኪ ደግሞ ማን ናት?»

ሴትዮዋ ስቃ ስቃ ስታበቃ አስረዳችው። ኞኪ ማለት አውራ ጣት የሚያህል የድንች ሊጥ ነው። «ድንቹን ቀቅለህ ትደፈጥጠዋለህ። ዱቄትና እንቁላል ትጨምርበትና ታቦካዋለህ። ከዚያ ትቆራርጠውና በሹካ ጀርባ መስመር ታወጣለታለህ። የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረው፤ ሲንሳፈፍ በስሏል።»

«ማቡካት ነው እንዴ?» አለ መስተዋቱ፣ ደረቱ ነፋ እያለ። «ማቡካቱንማ ለእኔ ተይው።»

ሴትዮዋ ከዚህ በላይ አልነገረችውም። ጤነኛ ሰው አንድን ድንች ምን ያህል ሊያቦካው እንደሚችል በሐሳቧም አልመጣላትም።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ መኝታ ቤት ገብታ ጋደም ስትል የኩሽናውን በር ገርበብ አድርጎ ዘመቻውን ጀመረ። የሥራ ቱታውን ለብሷል፤ ያለ ቱታው እጁ አይታዘዘውም። ድንቹን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ በብዙ ውሃ እስኪፈርስ ቀቀለው። ውሃ የጠጣውን ድንች ደፈጠጠና ዱቄት ጨመረበት። ረጠበበት፤ ጨመረ። አሁንም ረጠበበት፤ አሁንም ጨመረ። አልደነገጠም፤ ቡኬት ሲቀጥን ሲሚንቶ እንደሚጨመር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ማቡካት ያዘ። ያነሣዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያፈርጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ በመዳፉ ገፍቶ ይዘረጋዋል፣ ደግሞ ያነሣዋል። ሰሃኖቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩ።

«ምንድን ነው የምትደበድበው?» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

«ምንም አይደለም። ተኚ አንቺ።»

ላብ በላብ እስኪሆን አሸው። ሲጨርስ ፈቀቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተው፤ ጓል የለበት፣ ስንጥቅ የለበት፣ ያብረቀርቃል። የሹካው ነገር እስካሁን አልገባውም ነበር፤ አንዱን ቁራጭ በሹካው ጀርባ ላይ ሲያንከባልለው ግን ገባው። ለሳኞችም እኮ የመጀመሪያውን ልስን ሳይደርቅ ይጭሩታል፣ የሚቀጥለው እንዲይዝ። ይሄኛው የሚጫረው ክሬሙ እንዲይዝ ነው። ለካስ ዓለም ሁሉ ለሳኝ ነው ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ቁርጥራጮቹን የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመራቸው፤ ብዙ አስጠብቀውት ተንሳፈፉ። አንዱን አውጥቶ ነከሰው። ጥርሱን መልሶ ገፋው። ምናልባት ይሄኛው ብቻ ይሆናል ብሎ ሌላውን በሹካ ሊወጋ ሲል አምልጦት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ነጠረ፤ ደግሞ ነጠረ፤ ተንከባሎ ሄዶም የበሩ ደፍ ጋ፣ የሚስቱ እግር ሥር ቆመ።

ጎንበስ ብላ አነሣችው። በሁለት ጣቷ ጨመቀችው።

«ምንድን ነው?»

«ኞኪ።»

«ለመኪና ነው?»

«ለአንቺ ነው» አለ።

ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል፣ ቱታው ሊጥ በሊጥ ሆኗል፣ ያ ግንብ የሚያህል ሰው ሰርቆ እንደተያዘ ሕፃን ቆሟል። አንጀቷን በላው።

«ምን ያህል አቦካኸው?» አለች ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ።

«እስኪያብረቀርቅ።»

ያን ጊዜ ሳቀች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ድንች እኮ ግድግዳ አይደለም። አቡክተህ ገደልከው።»

«ታዲያ አሳይኛ።»

ወደ ምድጃው ተመለከተችና ሳቋ ጠፋ። «አልገባም» አለች።

«ማን ግቢ አለሽ? እዚያው ሆነሽ እዘዢኝ።»

እዚያው ሆና አዘዘችው። የተረፈውን ድንች ከነልጣጩ አስቀቀለችው፤ ትኩሱን አስላጠችው፣ እሱም ጣቱን እየነፋ ላጠ። ደፍጥጦ ዘርግቶ እንፋሎቱ እስኪወጣ አስጠበቀችው። ዱቄቱን በጭብጥ ሲዘግን «መልስ፣ መልስ» አለችው። ትንሽ እንዳዋሐደው ደግሞ «ይበቃል፣ እጅህን አንሣ» አለች።

«ገና ነው እኮ። ጓል አለበት።»

«ይኑርበት።»

ይኑርበት ማለት ለእሷ ቀላል ነው። መስተዋቱ እጁን አነሣ፣ ሊጡን አየ፣ ጓሉን አየ፣ እጁ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ ገባ። ትዕግሥቷ ያኔ አለቀ። ነገር ዓለሙን ረስታ ደፉን ተሻገረች፣ እጁን ጥፊ አልብሳ ሊጡን ነጠቀችው።

ኞኪ ሠርታ አታውቅም፤ ሊጥ ግን ታውቃለች። ጣቶቿ ነካ አደረጉት፣ ሰበሰቡት፣ ተዉት። «ዳስሰው፤ እንዲህ ሲል ይበቃዋል» አለች መዳፏ ላይ እንደያዘችው፣ ከዚያም እጇን አተኩራ አየችው። ጉንፋኑ እጇን አልወሰደባትም። ይህን ልብ ያለችው ገና አሁን ነው።

የክሬሙ ተራ ሲደርስ ግን ወደ ኋላ አለች። «ይሄንን አልችልም። ቢያር አላውቅም።» መስተዋቱ መጥበሻውን ራሱ ጣደ፤ ቅቤና የተከተፈ ሽንኩርት ጨመረ። ከዚያ የዓሣውን ወረቀት ፈትቶ አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት።

«እስቲ።»

ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች። እሱ የራሱን ትንፋሽ ያዘ።

«ምንም» አለች።

ቅስሙ ስብር አለ። ከትናንት ጀምሮ ተስፋውን ሁሉ የጣለው በዚህ ዓሣ ላይ ነበር። አይዞሽ ይመለሳል ሊላት አፉን ከፈተና አልወጣልህ አለው፤ ስንት ሰው ብሏት ምን ፈየደላት?

«ለአንተስ ምን ምን ይልሃል?» አለችው።

«ዓሣ ነዋ።»

«ዓሣነቱንማ አያለሁ። ንገረኝ እንጂ። ማንም እኮ አይነግረኝም፤ ሁሉም አይዞሽ ብቻ ነው የሚለኝ።»

መስተዋቱ ወሬ አዋቂ አይደለም። ዓሣውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ዝናብ የመታው እንጨት እሳት ዳር ሲደርቅ…» አለ። «እንደሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። ትንሽ የአባቴንም ኮት ይመስላል።»

«የአባትህ ኮት ዓሣ ዓሣ ይል ነበር?»

«ጭስ ጭስ ነበር የሚለው። ጥሩ ኮት ነበር።»

ፈገግ ብላ አንድ እርምጃ ወደ ምድጃው ቀረበች። «ሽንኩርቱስ?»

«ገና ነው። ይቆጠቁጣል።»

«ቆየው።» ጥቂት ጠበቀች። «አሁንስ?»

«አሁን ንዴቱ በርዶለታል። ጣፈጥ ብሏል።»

«ክሬሙን ጨምር፤ እሳቱን ቀንስ።»

ክሬሙ ገባ። ዓሣውን በእጇ ፈለፈለች፣ አጥንቱን በጣቷ እየፈለገች ለቀመች፣ የሎሚ ልጣጭ ፋቀችበት፣ ሎሚውንም ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰች። እሱ መጥበሻው ላይ ተደፍቶ ያሸታል፣ ይናገራል፤ እሷ ትሰማለች፣ ታዛለች። መሐል ላይ ዝም ሲል ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

«አረረ?»

«አላረረም። ዝም ያልኩት ጥሩ ስለሆነብኝ ነው።»

«ጥሩ ሲሆንም ንገረኝ» አለች ክንዱን ሳትለቅ።

«ጥሩ ነው» አላት። «ክሬሙ ጭሱን አቅፎታል። ሎሚው ከላይ ከላይ ይመጣል። ምንም ያረረ ነገር የለም፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ኞኪው ውሃው ላይ ብቅ ብቅ ሲል በጭልፋ እያወጣች ክሬሙ ውስጥ ጨመረችው። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። መጀመሪያ አንድ ጎረሰች። አላመጠችው፣ ምላሷ ላይ አገላበጠችው፣ ዋጠች። መስተዋቱ ሹካውን እንደያዘ አፍ አፏን ያያል።

«ሽታው የለም» አለች። «ጨው አለ፤ ሎሚው አለ። እንዴት ያለ ለስላሳ ነው ግን።»

ደግማ ጎረሰች። ሰሃኗ ግማሽ ደረሰ፤ ግማሹም አለቀ። የቀረውን ክሬም በዳቦ ጠረገች፤ ከዚያ እጇን ሰድዳ ከእሱ ሰሃን ላይ ሁለት ኞኪ አነሣች። መስተዋቱ እሷን ሲያይ እስካሁን አንድም አልቀመሰም፤ ሰሃኑን እንዳለ ወደ እሷ ገፋላት።

«ነገ ከሥራ በጊዜ ግባ» አለችው እያኘከች።

«ምን ልሆን?»

«እኔ ነኝ የምሠራው። አንተ ታሸትልኛለህ።»