አውሮፕላኑ ሣጥኑን ይዞ ሄደ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሼ ሽፈራው መፍቻ አላስያዙኝም። ደብረ ብርሃን ካለው ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና «ዓይንህን ጨፍነህ ሞተሩን ስማው» አሉኝ። ጨፈንሁ። ጥቂት ቆይተው «አሁን ምን ሆነ?» ሲሉ «ምንም» አልኋቸው። «ቺንጋው ላላ፤ ገና አልሰማህም» ብለው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ጆንያው ላይ ዋልሁ።

ጋሼ ሽፈራው ዋና መካኒክ ነበሩ። ከእሳቸው በታች መካኒክ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከሁሉ በታች ዘይት ቀጂ ነበር። እኔ ከዘይት ቀጂነት ተነሥቼ ረዳት ሆንሁ። ናፍጣ እሞላለሁ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ አጠብቃለሁ፣ ድንጋዩ ሲለሰልስ እወቅራለሁ። ባለ ወፍጮው አቶ ደሳለኝ ደብረ ብርሃን፣ እነዋሪና ጎረቤላ ላይ አንዳንድ ወፍጮ ስለነበራቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ስንመላለስ እንከርማለን።

የወፍጮ ሠራተኛ እንቅልፍ የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ እየጮኸ አጠገቡ ተጋድመን ለጥ እንላለን፤ ዝም ያለ እንደሆነ ግን ደንግጠን እንነሣለን፤ ሞተር ሳያጠፉት ዝም ካለ ተበላሽቷልና። ሚስቴ ካገባችኝ ጊዜ ጀምሮ የቤቱ ጸጥታ እንቅልፍ ሲነሣኝ እያየች ስትስቅብኝ ኖራለች።

አሁን የማወራው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የሆነውን ነው። አቶ ደሳለኝ ለጎረቤላው ወፍጮ አስመራ ካለ አስመጪ አዲስ ሞተር ገዙ። ሞተሩ ዓመት ሳይሞላው ዋናው ዘንግ ለሁለት ተሰበረ። የዚያን ዕለት ሞተሩ ላይ የነበሩት ጋሼ ሽፈራው ራሳቸው ናቸው።

አቶ ደሳለኝ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ዘይት ሳታጠጣ ገደልከው!» አሏቸው።

«ዘይቱ ሙሉ ነበር ጌታዬ። ብረቱ ከመጀመሪያውም የታመመ ነው።»

«ብረት ደግሞ ይታመማል እንዴ! እንግዲያው የሸጡልን ሰዎች ይዩት። የእነሱ ጥፋት ከሆነ ሌላ ይሰጡናል። የአንተ ከሆነ ግን መፍቻህንም ቤቱንም አስረክበህ ትወጣለህ።»

ቤቱ የተባለው ጋሼ ሽፈራው ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት፣ ከደብረ ብርሃኑ ወፍጮ ጀርባ ያለው ቤት ነው። ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት እዚያ ነው።

ስብራቱን አስመራ የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ አቶ ደሳለኝ እኔን አስጠሩ። ዘንጉ ሲሰበር እነዋሪ ስለነበርሁ አያዳላም ብለው ነው። የገና ሰሞን ነበር፤ የጅሩ ስንዴ ገና ከአውድማ ገብቶ ወፍጮው ቀንና ሌሊት አያርፍም፤ የሚፈራረቀኝ መካኒክም ታሞ ተኝቷል። ደብረ ብርሃን ስደርስ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። በዚያው ወደ ጎረቤላ ወርጄ ዘንጉን ፈትቼ አወጣሁ። ስመለስ ጋሼ ሽፈራው አዩኝና «ይህ ልጅ አልተኛም፤ አንድ ቀን ይረፍና ይሂድ» አሉ።

አቶ ደሳለኝ «አውሮፕላኑ ላይ ይተኛል» ብለው ጨረሱት።

ጋሼ ሽፈራው ሣጥኑን በእጃቸው አሸጉ። ሁለቱን ስባሪ ለየብቻ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለሉ፤ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎችም ከነዘይታቸው ጨመሩ። «ስማኝ አስፋው» አሉኝ። «መሐንዲሱ ሳያየው ማንም እንዳያጥበው። ስብራቱን ከስብራቱ ጋር ማንም እንዳያጋጥም። ከተፋተገ የቆየው ስንጥቅ ከአዲሱ አይለይም። የኔ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።» እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን ሚስማሩን ሁለት ጊዜ ሳተ።

በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገብቼ በቀጥታ ልደታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድሁ። መንገዱ አላስተኛኝም። ሣጥኑ እንዳይንከባለል በጉልበቴ አቅፌው ነበር የመጣሁት።

ዕቃ መዛኙ ሣጥኑን ቢያነሣው አቃተው። «ወንድሜ፣ ይኼ ከሰው ጋር አይሳፈርም። ከዕቃ ጋር ይጫናል» አለኝ።

«ከእጄ እንዳይወጣ ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ትቀራላችሁ።»

ሰጠሁት፤ መለያ ካርቶኑን ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁ። ሣጥኑ ሲጫን ለማየት መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ጭነው ሲዘጉት ልቤ አረፈ። ገና ተሳፋሪ አልተጠራም። ብርዱ ስላልለቀቀኝ ጋቢዬን እስከ አናቴ ተከናነብሁ።

ከዚያ የአውሮፕላኑ ሞተር ለሙከራ ተነሣ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ አግዳሚው ከሥሬ ይርገበገባል። ሌላው ሰው በዚያ ጩኸት ጆሮውን ይዟል። እኔ ግን ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ተሰማኝ። ያን ያህል ደስ የሚል እንቅልፍ በዕድሜዬ አልተኛሁም።

የቀሰቀሰኝ ጸጥታ ነው። «ሞተሩ!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ፤ እጄ መፍቻ ፍለጋ ወገቤ ላይ ሄደ። አዳራሹ ባዶ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው ብቻ ቀርቷል።

ዕቃ መዛኙ አየኝና አፉን ያዘ። «አስፋው የተባልከው አንተ ነህ? ኧረ ስንት ጊዜ ተጣራን! ተከናንበህ ብናይህ ሰው ሸኝቶ ያዘነ መስሎን ተውንህ።»

«ሣጥኔስ?»

«እሱማ ሄደ።»

ሣጥኑ ያለ እኔ አስመራ ይገባል። አስመጪዎቹ በቴሌግራም ስለተነገራቸው መጥተው ይወስዱታል። እንደ ማንኛውም ጋራዥ ሠራተኛ በናፍጣ አጥበው፣ ሁለቱን ስባሪ አጋጥመው ሊለኩት ነው። የጋሼ ሽፈራው እውነት በአንድ ባልዲ ናፍጣ ታጥቦ ሊቀር ነው። የሚቀጥለው አውሮፕላን ደግሞ ነገ ነው።

ለሬድዮ ሠራተኛው አስመራ ያሉት ሣጥኑን እንዳይሰጡ ንገርልኝ ብዬ ለመንሁት። «ይህ ሬድዮ ለአውሮፕላን እንጂ ለወፍጮ አይደለም» አለኝ። እንባዬ ሲመጣ አይቶ እንደሆነ አላውቅም፣ ቆየት ብሎ «አንድ ቃል ብቻ እላለሁ» አለ። እንዳለውም ተናገረ። መልሱ ግን አልመጣለትም።

ደብረ ብርሃን ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት አቶ ደሳለኝ ናቸው።

«ሣጥኑ የት ነው?»

«አስመራ።»

«አንተስ?»

«አዲስ አበባ።»

«ሽፈራው ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! እንቅልፍ ጥሎኝ ነው እንጂ...»

«ማስረጃው እንዲጠፋ መክራችሁ ነው! እንቅልፍ ይለኛል ደግሞ!»

በስልኩ ውስጥ ከጋሼ ሽፈራው ጋር ሲጯጯሁ ሰማሁ። በኋላ ጋሼ ሽፈራው መነጋገሪያውን ያዙት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም አልኋቸው። «ብላ። ከዚያ ሂድና ብረቱን አሳይልኝ» ብለው ዘጉት። እዚያው ስልኩ አጠገብ አለቀስሁ።

ያን ቀን ያደርሁት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። በማግስቱ አስመራ ስወርድ ዕቃ ክፍሉ «ትናንት ወስደውታል» አለኝ። ሬድዮው አልደረሰም ማለት ነው። ታክሲ ይዤ ጋራዡ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ናፍጣ የተሞላ ገንዳ ነው። ቀጥሎ ያየሁት በር ሥር ዳቦውን በሻይ እየነከረ የሚበላ ሠራተኛ ነው። የተቀመጠው ሣጥኔ ላይ ነበር።

«ከፍታችሁታል?» አልሁት፤ ሰላም እንኳ አላልሁትም።

«መሐንዲሱ ምፅዋ ሄዶ ገና አሁን መምጣቱ ነው። ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። አቅፌ ሳምሁት። ሻዩ ተደፋበት፤ ተቆጣ።

መሐንዲሱ ጣሊያናዊ ነበር። ስብራቱን በማጉያ መነጽር እያገላበጠ አየው። አብዛኛው ጠቁሮ የለሰለሰ ነው፤ አዲስ የሚያበራው ከዳር ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ኩሽኔታውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱ ዘይት ያዘ። «ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ስንጥቅ ነበረበት። ማንም ቢይዘው ይሰበር ነበር» አለኝ። አዲስ ዘንግ ያለ ዋጋ አሸክሞ ሰደደኝ።

ደብረ ብርሃን ስገባ ወደ አቶ ደሳለኝ አልሄድሁም፤ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሽፈራው ቤት ሮጥሁ። በሩ ተቆልፏል። አቶ ደሳለኝ በስልክ በተነጋገርን ዕለት አስወጥተዋቸው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ጎረቤላ ወደ ሚስታቸው ዘመዶች ሄደዋል።

አቶ ደሳለኝ አዲሱን ዘንግ እያገላበጡ አዩት። «እንግዲህ ስትወርድ ጥራልኝ፤ ቤቱም ሥራውም እንዳለ ነው በለው» አሉኝ።

ጎረቤላ ወርጄ ነገርኋቸው። ጋሼ ሽፈራው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስብራቱ ምን ይመስል እንደነበር ነው። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። የአቶ ደሳለኝን መልእክት ስጨምር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ስሠራ ኖሬ ቃሌን አላመነም። አሁን ያመነው ብረቱን ነው፤ ከብረቱ ጋር ይሥራ» አሉ።

«እኔ ባልተኛ ኖሮ አይወጡም ነበር» አልኋቸው።

«አዎ፣ አልወጣም ነበር» አሉ። ሊያጽናኑኝ ብለው አልዋሹም። ከዚያ የግላቸውን መፍቻ ከግድግዳው አውርደው አብረውኝ ወደ ወፍጮው ሄዱ። ዘንጉን አብረን አስገባን፤ ብሎኑን ሁሉ እየነኩ ፈተሹልኝ። ሞተሩ እንደተነሣ እጃቸውን ጠርገው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በእሳቸው ቦታ ዋና መካኒክ የሆንሁት እኔ ነኝ። ጡረታ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ሰው ከመላኬ በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው መተኛቱን ነበር። ካልተኛ ጌታው ቢቆጣም፣ ወፍጮው ቢቆምም፣ ተኝቶ እስኪነሣ አልልከውም ነበር።