ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው የሕዋ ጥናት ቢሮ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ዶክተር መስፍን ያስተማሩኝ መልስ መደበቅን ነው።

ሥራችን ይህ ነበር። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው፤ መስፋቱም እየፈጠነ ነው። የሚያፈጥነውን ነገር ዳርክ ኢነርጂ ይሉታል፤ ምንነቱን የሚያውቅ የለም። እኛ የምንጠይቀው ከጥንት ጀምሮ ያው ነው ወይስ በጊዜ ብዛት ይለወጣል የሚለውን ነው። ለዚህም ሱፐርኖቫ የሚባሉ የሚፈነዱ ኮከቦችን እንለካለን። የምንመርጣቸው ሲፈነዱ ብርሃናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ደብዝዞ የታየን በሩቅ ያለ ነው። ከሩቅ የመጣ ብርሃን ደግሞ ከብዙ ዘመን በፊት የተነሳ ነው። ስለዚህ የቅርቦቹን ከሩቆቹ ጋር ስናስተያይ ዩኒቨርስ ድሮና ዘንድሮ በምን ፍጥነት እንደሰፋ እናያለን።

ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። አቧራም፣ የካሜራ ማጣሪያም ያንኑ የሚመስል ልዩነት ይፈጥራል። ሰው ደግሞ የተመኘውን ውጤት ሲያይ መፈተሹን ያቆማል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውጤቱ ላይ ማንም የማያውቀው ቁጥር ይጨምርበታል። ፍተሻው ሁሉ ሲያልቅ ቁጥሩ ይነሳል። ይህን ሳጥኑን መክፈት እንለዋለን።

"ከተከፈተ በኋላ ምንም አይነካም። ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው" አሉኝ ዶክተር መስፍን።

በትልልቁ ጻፍኩት። ማስረዳት ስለምወድ ምክንያቱንም ከሥሩ ጨመርኩበት። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ቢንያም፣ እዚያው አጠገብ በልትስቪል ያደገ ልጅ፣ "ቲቸር፣ ሆምወርክም ስጪን እንጂ!" ብሎ ሳቀብኝ። ስሙ በዚያው ወጣልኝ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ነገር አየሁ። የቅርቦቹ ኮከቦች የተነሱት በአሮጌ ካሜራ ነበር፤ ሰማያዊ ማጣሪያው ፋብሪካው ከገለጸው በጥቂቱ የተለየ ብርሃን ያሳልፋል። የቅርቦቹ ድምቀት ከተዛባ መልሱም ይዛባል። ለመለካት ሁለት ወር እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ኮንትራቴ ሊያበቃ ነበር፤ የሚታደሰውም ስሜ በዚህ ጥናት ላይ ከሰፈረ ነው።

"ለጉባኤው የማቀርበውን ቶክ ሰብሚት አድርጌዋለሁ እኮ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ ፍተሻው አላለቀም።"

"ፍተሻ መቼም አያልቅም፣ የኔ ልጅ። አንቺ ብትሆኚ ዩኒቨርስ እስኪያልቅ ትለኪ ነበር።"

ሳጥኑ ተከፈተ። ይለወጣል የሚል ውጤት ወጣ። ቢንያም ጠረጴዛውን ደበደበ። ዶክተር መስፍን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነገር ነው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ማጣሪያውን ለካሁት። ሲስተካከል ለውጡ አብዛኛው ጠፋ፤ የተረፈው ከመለኪያው የስህተት ወሰን የሚያልፍ አልነበረም። ግራፉን ይዤ ገባሁ።

ዶክተር መስፍን ብዙ አዩት። ከዚያ ግድግዳውን በጣታቸው አሳዩኝ።

"ምን ይላል?"

ግራፉን ይበልጥ አስጠጋሁላቸው።

"አንብቢው እንጂ። የማን ጽሑፍ ነው?"

"የኔ።"

"ውጤቱን ካየሽ በኋላ ብታስተካክይ፣ ስላልወደደችው ነው ይሉሻል።"

"ከመከፈቱ በፊት ነግሬዎት ነበር።"

"ነግረሽኛል። አልለካሽም።"

በሕጉ ትክክል ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ማረሚያው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ እንደተሠራ በግልጽ ጽፈን ሁለቱንም ውጤት እናውጣ አልኳቸው።

"ሁለት መልስ ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣን ማን ይሰማዋል?"

"እንግዲያው ስሜን ከጥናቱ ላይ ያውጡልኝ።"

"ስምሽ ከወጣ ኮንትራትሽን በምን ላሳድሰው?"

"ያውጡልኝ።"

አወጡልኝ። ዕቃዬን ወደ መኪና ያወረደልኝ ቢንያም ነው። "ሶሪ፣ ቲቸር። ገና ዘንድሮ ቤት መግዛቴ ነው፤ ይገባሻል አይደል?" አለኝ። ገብቶኛል። ግራፉን ግን እሱም አይቶት ነበር።

አሁን እዚሁ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቲቸር የምር ስሜ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአገሬ ልጅ ከክፍል በኋላ ጠብቃ፣ "ሚስ፣ ሶ... ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?" አለችኝ።

"ገና አልታወቀም። ሌሎች በሌላ መሣሪያ እየለኩ ነው።"

"ግን አንቺ ሠርተሽበት የለም እንዴ?"

"ሠርቼበታለሁ።"

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። የጠረጠራችሁትን ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ለኩት። ጊዜ ከከለከሏችሁ፣ ሲከፈት አታጨብጭቡ።