ጃንሆይ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር

ልጄ ጧት ጧት በስልኩ የሚሰማው አንድ መካሪ ሰውዬ አለ። የድሮ መሪዎች ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ ቀናቸውን በምን በምን እንደሚያውሉት፣ እኛም ከነሱ ምን መማር እንዳለብን ይተርካል። ደግ ምክር ነው፤ ልጄም ተጠቅሞበታል። እኔ ግን ያ ድምፅ ገና ሲጀምር የርጥብ ቀርከሃ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ዝጋው እለዋለሁ። ምን አስከፋሽ ይለኛል።

በደርግ ዘመን ከወሎ ተነሥተን አሶሳ ስንሰፍር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ቀርከሃና ሣር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ግድግዳው ዛሬ የተቆረጠ ያህል ይሸታል። በመጀመሪያው ክረምት እናቴን ወባ ወሰደብንና እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። ሰፋሪው ሁሉ የሚነሣው በደወል ነበር፤ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው በብረት የሚመታው። አባቴ ግን ደወሉን ይቀድመዋል። እግሬን በጣቱ ነካ ያደርግና፣ «ተነሽ የኔ ዓለም። ጃንሆይ እንኳ ያን ሁሉ አሽከር ይዘው ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሡት፤ እኛ ማን ነንና እንተኛለን?» ይለኛል። ጃንሆይን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ ሲባል የሰማውን ነው። ሌላው ዓይኑን እያሸ ሲመጣ እኛ የማሽላ አረማችንን አጋምሰን እንቆያለን። ኮራ ኮራ እል ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳስ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬያችን ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ጮሆ አያውቅም፣ የሚያስፈራውም ይኸው አለመጮኹ ነው። የኛን አረም አመሰገነና፣ ሌላው እንዲማርበት ምስጢራችንን እንድናገር አስነሣኝ። እኔ ሞኟ፣ አባቴ በጃንሆይ ምሳሌ እንደሚቀሰቅሰኝ ቃል በቃል፣ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

አባቴን ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩ አመድ መስሏል። ካድሬው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ልመልሰው? ጎረቤታችንን በአንዲት ቃል የተነሣ ወስደውት እንደወጣ ቀርቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ መኪና በሩቁ ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር አባቴን በዓይኔ እፈልገዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ካድሬው አባቴን ጠራው። በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ካደረገ እንደሚታለፍ፣ እምቢ ካለ ግን እንደሚወሰድ ነገረው። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ካድሬው ራሱ ጻፈለት፤ አንባቢዋ ደግሞ እኔ እንድሆን አዘዘ፤ የመሠረተ ትምህርቱ ጎበዝ እኔ ነኛ።

«እኔ የአድኃሪው ሥርዓት ናፋቂ ነኝ። የገዛ ልጄን መርዣለሁ» ይላል ወረቀቱ። በአባቴ ፈንታ እኔ፣ እኔ እያልኩ አነበብኩ። አንዲት ቃል ከሳትኩ ይወስዱታል ብዬ እያንዳንዷን ፊደል እየፈራሁ ነው ያነበብኳት። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቤ ቆሟል፤ የላቡ ሽታ ይመጣብኛል። ስጨርስ ተጨበጨበ። ካድሬውም ጥሩ ታነባለች ብሎ አመሰገነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ጎሽ፣ አልተደናቀፍሽም» አለኝ።

በነጋታው በልማዴ ነቃሁ። እግሬን የሚነካ ጣት ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ዞር ብዬ በቀርከሃው ስንጥቅ በሚገባው ጭላንጭል ሳየው፣ መደቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል። መንቃቴን እንዳያውቅብኝ ቶሎ ብዬ ጨፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ቀስቅሶኝ አያውቅም። በየማለዳው ሁለታችንም ነቅተን፣ እንደተኛ ሰው በዝግታ እየተነፈስን፣ ደወሉ እስኪመታ እንጠብቅ ነበር።